ሲሞቅ የሚወጣ ድምፅ

አሮጌ ዕቃ ይዞ ሱቅ ሄዶ «አዲስ ስጠኝ፣ ግን የአሮጌው ጉድለት ይኑረው» ብሎ የሚለምን ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ሰቆጣ ገበያ መሐል ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ ስቆብኛል። ይሳቅ! ጉዳዩን ስለማያውቅ አልፈርድበትም።

ጥሩሐረግ እባላለሁ፤ የሠርግ ዘፋኝ ነኝ። ከጋዝጊብላ እስከ አምደወርቅ እኔ ያልዘፈንኩለት ሙሽራ የለም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፣ ግን ትንሽ ብቻ ነው የማጋንነው። በአማርኛም በኽምጣንጋም እዘፍናለሁ። ባሌ ምንዋጋው ደግሞ ኦርጋን ይጫወትልኝ ነበር። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሳይገኝ ኦርጋኑን አህያ ላይ ጭነን፣ ይህን ሁሉ ዳገት ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ወጣን ወረድን። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። የእህቴን ልጅ ሰላማዊትን ነው ያሳደግነው፤ እሷም አሁን ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች። ምንዋጋው ጉበቱን ታሞ ሞተ። ይኸው ሁለተኛው ክረምት አለፈ፣ እኔም ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ነኝ ስል «ኧረ ጎረቤት አለሽ» ይሉኛል። ጎረቤት ማታ በሩን ይዘጋል እኮ!

ያ ኦርጋን አንድ ጠባይ ነበረው። ድሮ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አብሮን ሲሠራ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ማሲንቆውን አውርዶ «ኧረ ጉድ ነው፣ ቃናችሁ ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ ደንግጬ ምንዋጋውን አየሁት። ምንዋጋው ፈገግ ብሎ «ዕቃው አርጅቷል፤ ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። አንቺ ዝም ብለሽ ዝፈኚ» አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነውም? ሬዲዮም ሲሞቅ ይንጫጫል፣ ጄኔሬተርም ሲሞቅ ያጓራል። ከዚያ ወዲህ ኦርጋኑ ሲወጣ እኔም አብሬው እወጣ ነበር፣ ሲያርፍ አብሬው አርፍ ነበር። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ፤ እኛ ኦርጋኑንም ጨምረን ሦስት ነበርን።

ምንዋጋው ከሞተ በኋላ ነው መዓቱ የመጣው። ባለፈው ጥር አምደወርቅ ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ኦርጋን የያዘው ይርዳው የሚባል ወጣት ነው፤ ዕቃው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ዘፈኑ ገና መጋል ሲጀምር ልጁ ማይኩን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ «እትዬ፣ ቃናውን ለቀውታል፤ ወደ እኛ ይመለሱ!» አለ። ዳሱ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔ የቱን ለቀቅኩ? እኔማ እንደ ወትሮዬ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ያልወጣው የእሱ ኦርጋን ነው! ግን ማን ይሰማኛል። ማይኩን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም።

እንግዲህ ሰላማዊት ልታገባ ነው፤ ሠርጉ ጾም ሳይገባ እዚሁ ሰቆጣ። ደውላ «አክስቴ፣ አንቺ ካልዘፈንሽልኝ እኔ አገባሁ አልልም» አለችኝ። እሺ አልኳት። እምቢ ልላት ነው? ስልኩን ስዘጋ ግን አሰብኩት። የአምደወርቁ ሳቅ በዚያች ልጅ ሠርግ፣ በአማቾቿ ፊት ከተደገመ እኔ ከዚያ በኋላ ለማን ቀና እላለሁ? የእኛን ኦርጋን እንዳልወስድ መሐል ላይ ያሉት ቁልፎቹ ዝም ብለዋል። ስለዚህ ሲሞቅ የሚወጣ ሌላ ኦርጋን ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ።

ስልክ፣ ስፒከርና የፀሐይ መብራት የሚሸጥ ዓሊዬ የሚባል የሐይደር ልጅ አለ። ሱቁ ገበያው ጥግ ነው። አባቱን ከጨርቅ ንግዱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዓሊዬን ደግሞ አፍንጫውን እየጠረግኩ ነው ያሳደግኩት ማለት ይቻላል። ጉዳዬን ስነግረው አልሳቀም። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበና «እትዬ ጥሩሐረግ፣ ይግቡ እስቲ። አንድ ጉድ ላሳይዎት» አለኝ።

ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰ ዕቃ አወረደ። ቁልፉ ኦርጋን ይመስላል፣ ከላይ ግን ማዞሪያ ብቻ ነው፤ ማዞሪያ፣ ማዞሪያ፣ ማዞሪያ።

«ይሄን ከአዲስ አበባ ሳመጣው የሠርግ ኦርጋን መስሎኝ ነው» አለ። «ቁልፍ ያለው ሁሉ ኦርጋን ነው ብዬ። እዚህ አድርሼ ስከፍተው፣ ምቱ የት አለ? የለም። ስፒከሩስ? የለም። ክራሩ፣ ዋሽንቱ? ወላሂ ምንም የለም! ሠርግ የሚሠራ ሁሉ አይቶ ስቆብኝ ሄደ። እዚሁ ከእኔ ጋር ሲውል ጊዜ ግን፣ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩት።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አልኩት።

«ለዚህ ነው እርስዎ ሳይረዱት እንዳይገዙት የምለው። ይስሙኝ። ድሮ ሲንተሳይዘር የሚሉት ነበር፤ አናሎግ ነው። ድምፁን የሚያወጣው ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው፣ ሽቦው ውስጥ እየተርገበገበ። እሱ ነው እንግዲህ ሲሞቅ ቃናው የሚሸሸው። ተጫዋቾቹ መድረክ ላይ ቆመው እሱን ሲያስተካክሉ ያመሻሉ። ይሄኛው ደግሞ ውስጡ ኮምፒውተር ነው። ያንን አሮጌ ያስመስላል፣ እያሰላ። ቨርቹዋል አናሎግ ይሉታል።»

«አስመሳይ ነው በለኛ!»

«አስመሳይ ነው» አለ እየሳቀ። «መሸሹን እንኳ ሳይቀር ያስመስላል። ማዞሪያ አለው።»

ወይ ዘንድሮ! የዓለም ሴት ወጣት ለመምሰል ትቀባባለች፣ ይሄ ደግሞ አሮጌ ለመምሰል ይደክማል። ስፒከር ላይ ሰክቶ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ወጣ። «ይሄ አንዱ ነው» አለ። «ሁለት ድምፅ አመንጪ አለው። ሁለተኛውን ስጨምር ይስሙ፤ ልክ አንድ ዓይነት ካደረግኳቸው ጉልበት ብቻ ነው የሚጨምሩት። ሁለተኛውን ግን ጥቂት፣ እንዲህ ጥቂት ሳስተው…» አዞረው። ድምፁ ወዲያው ሰፋ፣ ተነፈሰ። ደረቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሁለተኛውን አጠፋውና ያ ቀጭኑ ብቻውን ቀረ።

«መልሰው!» አልኩት፣ ሳላስበው ጮኼ። «ብቻውን አታስቀረው።»

መለሰው። ከዚያ ደግሞ የማስመሰያውን ማዞሪያ ነካው፤ ድምፁ ወዲህ ወዲያ ወላወለ። ዓሊዬ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ይወላውላል እንጂ እርስዎ እንዳሉት እየወጣ አይሄድም። የጋሼ ምንዋጋውን ኦርጋን ያምጡልኝ። በምን ያህል እንደሚወጣ ልለካውና ይሄንን እንደሱ አድርጌ አስተካክልልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

በማግስቱ ኦርጋኑን በአንሶላ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኩለት። ዓሊዬ ገለጥ አድርጎ አየው፤ ጀርባውን አነበበ፣ ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አናሎግ አይደለም። ድምፁ ተቀድቶ የተቀመጠበት ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ያንኑ ያሰማል። ይሄ እሳት ላይ ቢጣዱት ይቀልጣል እንጂ ቃናው አይወጣም።»

«አንተ ነህ ወይስ እኔ ከእሱ ጋር የኖርኩት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው አሙቀው!»

ዓሊዬ ሰው አክባሪ ነው፤ ከሽማግሌ ጋር አይከራከርም። ኦርጋኑን ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠው። በሕይወት ካሉት ቁልፎች በአንዱ ላይ የሚዛን ድንጋይ ጫነበት፤ ድምፁ ሳያቋርጥ «ኡ…» ማለት ጀመረ። ስልኩ ላይ ቃና የሚለካ አፕ ከፍቶ አጠገቡ አቆመው። የአፑ መርፌ መሐል ላይ ቆመች፣ አረንጓዴ ሆና፤ ቃናው ልክ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቶሎ እንዲሞቅ ብዬ ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩለት። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያያል። አንዷ ማር ይዛ ገበያ የመጣች ሴት «ምነው፣ ታሟል እንዴ?» አለችኝ። «ብርድ መትቶት ነው» አልኳት። ሳቀች፣ ማሯን ይዛ ሄደች።

ተቀምጬ ጠበቅኩት። ዓሊዬ ለዐሱር ሶላት ሄዶ ተመለሰ። ኦርጋኑን ስዳስሰው ምጣድ ሆኗል። መርፌዋ ግን ንቅንቅ የለም።

«ገና አልሞቀም» አልኩ።

ዓሊዬ መሬት መሬት አየ። «እትዬ ጥሩሐረግ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዝፈኑልኝ። እኔ መጀመሪያ ላይ ቃናውን ብቻ ልስጥዎትና ዝም እላለሁ።»

ቃናውን ሰጠኝ። ዘፈንኩ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ አይኔን ጨፈንኩና ሠርግ ቤት ነኝ አልኩ። የሙሽራዋን፣ የአማቷን፣ የሚዜዎቹን እያነሳሁ አሞገስኩ። ድምፄ እንዳለ ነው! ጉሮሮዬ ተከፈተ፣ ሰውነቴ ሞቀ። ከምንዋጋው ጊዜ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዓሊዬ «ያረፉበትን ድምፅ ይያዙት፣ አይልቀቁት» አለኝ። ያዝኩት። እሱ ያንኑ መጀመሪያ የሰጠኝን ቁልፍ ተጫነው።

መርፌ አላስፈለገኝም። ጆሮ አለኝ። ኦርጋኑ እታች ነው፤ እኔ እላይ ነኝ።

«ኦርጋኑ ከቦታው አልሄደም» አለ ዓሊዬ ቀስ ብሎ። «ሲሞቅዎት የሚወጡት እርስዎ ነዎት።»

ምን እንዳልኩት ሁሉንም አልናገርም። ቀጣፊ አልኩት፣ የማይሸጥ ዕቃውን ሊያራግፍብኝ ነው አልኩት፤ ይባስ ብዬ አባቱንም ጨመርኩ። ጋቢዬን መንጭቄ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ በንዴት እሳት ማንደድ አቃተኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አልለቅም ብዬ ተቀምጬ ማስረጃ መፈለግ ጀመርኩ። ምንዋጋው እንዴት ነበር የሚጫወተው? ከፊቴ አመጣሁት። ቀኝ እጁ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣል። ግራ እጁስ? ግራ እጁ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ጎማ መሳይ ተሽከርካሪ ላይ ነው። ሁልጊዜ። ወደ ላይ ሲገፏት ቃናውን ከፍ የምታደርግ፣ ሲለቋት የምትመለስ ተሽከርካሪ ናት። እኔ በዚያች እጁ ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ! «ሰው በሁለት እጁ ይጫወታል፣ አንተ በአንድ እጅህ ትሠራና ሌላውን ለማን አስቀመጥከው?» እለው ነበር። «ላንቺ ነዋ» ይለኛል። ወንድ ልጅ ሲያቆላምጥ ሌላ ምን ይላል ብዬ በትከሻዬ ገፍቼው አልፋለሁ።

እውነቱን ነው የነገረኝ። ለእኔ ነበር ያስቀመጠው።

ዘልዬ ተነሳሁ። «አንተ ውሸታም!» ብዬ ባዶ ቤት ውስጥ ጮህኩ። ሃያ ምናምን ዓመት! ዕቃው አርጅቷል አለኝ፤ ዕቃውን ሰደበልኝ! ያቺን ተሽከርካሪ ሠርግ ሙሉ ገፍቶ ይዞ፣ እኔ በወጣሁበት እየወጣ፣ ለሰው ሁሉ «ኦርጋኔ አሮጌ ነው» እያለ አፈረልኝ። አውራ ጣቱ እንደ ድንጋይ ደድሮ ነበር። መቆፈሪያ ይዞ ነው የደደረው ብዬ ቅቤ እቀባለት ነበር እኮ! ምን ነበር አንድ ቀን ብትነግረኝ? አንድ ቀን! አኮርፍ ነበር፣ እውነት ነው፤ ምናልባትም ዘፈኑን እተወው ነበር። ይህን ስለሚያውቅ ነው ያልነገረኝ። ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሲሞት ሰው ይዞኝ፣ ሰው አስለቅሶኝ ነበር ያለቀስኩት። አሁን ግን የሚይዘኝ ሰው የለም።

ጠዋት ዓሊዬ ሱቅ ሄድኩ። «ማረኝ ልጄ» አልኩት። «ኧረ እትዬ፣ ምን ብለውኝ?» አለ፤ እንዳልሰማ ሆነ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና ያንን ባለ ማዞሪያውን ዕቃ አቀረበ። «ይሄም ተሽከርካሪ አለው። እኔ ልያዝልዎት። ለሠርጉ እኔ እመጣለሁ፤ እከተልዎታለሁ።»

ሞከርን። ዘፈንኩ፣ እሱ ተሽከርካሪዋን ይዞ ተከተለኝ። ጎበዝ ነው፣ ጆሮውም አይታማም። ግን እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የሚደርሰው፤ ስደርስ ስደርስ የለም፣ ሳልፍ ይመጣል። ደጋገምን፣ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እጁን ያዝኩት።

«ተወው ልጄ። አንተ ሰምተኸኝ ነው የምትመጣው። እሱ ሳልሄድ ነበር የሚሄደው።»

ዓሊዬ ተሽከርካሪዋን ለቀቃት። «እንግዲያው አይገዙትም?»

«አልገዛውም። ተረድቼዋለሁ።»

«እኔ ገዝቼ ነው የተረዳሁት፣ እርስዎ ተረድተው ተዉት» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ሠርጉ ደርሷል፣ ኦርጋን የለኝም፣ ደግሞ አሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ካላወቅኩት ጊዜ ይልቅ አሁን ፈራሁ።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ ስገባ ኦርጋኑ ጋ ቆሞ ያየሁት ማንን መሰላችሁ? ይርዳውን! ያንኑ የአምደወርቁን። ለሰው ሞት አነሰው አልኩ በልቤ። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፣ አማቾች በረድፍ ናቸው፣ ሰላማዊት ከቬሏ ሥር እኔን እኔን ታያለች። ይርዳው አይቶኝ ደነገጠ፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እትዬ፣ በየትኛው ቃና ላስጀምርዎት?» አለኝ።

«አጥፋው» አልኩት።

«እ?»

«ኦርጋኑን አጥፋው። ማይኩንም አልፈልግም።»

ከበሮ የያዘችውን ውባንቺን ጠራሁ፣ የጋዝጊብላ ሴቶችን ዙሪያዬ አቆምኩ። ተቀበሉኝ አልኳቸው። እናቴ ታዘፍን እንደነበረው፣ ኦርጋን የሚባል ነገር አገራችን ሳይገባ እኛ ልጃገረዶቹ እንዘፍን እንደነበረው፣ በኽምጣንጋ ጀመርኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ጭብጨባው ገባ፣ ከበሮው ጠና። ሞቀኝ። ያኔ ራሴን ሰማሁት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣ ሰማሁት። ቀስ እያልኩ፣ ደረጃ በደረጃ። ለማቆም ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። ሴቶቹም ሳያውቁት አብረውኝ ወጡ፤ ዳሱ በሙሉ አብሮኝ ወጣ። የሚለካን ዕቃ በሌለበት ማን ከቃና ወጣ ይባላል? ዓሊዬ ከእንግዶቹ መሐል ቆሞ ያጨበጭባል። ሰላማዊት ተነስታ እስክስታ ወረደች። አንድም ሰው አልሳቀብኝም። ሲያልቅ ይርዳው መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አነሳሁት።

ደስ አለኝ። ደስ አይለኝም ብል እግዜር ይታዘበኛል።

በማግስቱ ወደ ቤቴ የተመለስኩት በእግሬ ነው፣ ብቻዬን። ከሠርግ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የማወራው እኔ ነበርኩ፤ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ማንን እንዳየ፣ የትኛዋ አማት እንዳኮረፈች። ምንዋጋው ዝም ብሎ ይሰማኝና መጨረሻ ላይ ይስቃል። እንደ ልማዴ ጀመርኩ። «ደርሼብሃለሁ!» አልኩት ጮክ ብዬ። «ያዝኩህ፣ አንተ ውሸታም! ሲሞቅ ይወጣል አልከኝ አይደል?» መንገደኛ አይቶኝ አበደች ቢል ይበል ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዓሊዬን፣ ኦርጋኑን ጋቢ ማልበሴን፣ ይርዳው አንገቱን መስበሩን። እንዴት አድርጌ እንደነገርኩት! አንድም ነገር አልቀረኝም። ጨረስኩና እሱ እስኪስቅ ቆሜ ጠበቅኩት።

ምንዋጋው ለእኔ የሞተው ያኔ ነው። ቆሜ ጠበቅኩት፣ አልሳቀም፤ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።